ደወሉ የተነቀለበት መሳቢያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በሚያስተዳድሩት ግቢ ውስጥ ጤና በብዛት የሚገኘው በእርስዎ ቢሮ እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ከዚያም እንዳይጎድል ምኞቴ ነው። ወገብዎን እንደሚያምዎት ሰምቼ ነበር። አሁን ግን በጥሩ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ እንደ ተሻለዎት ነገሩኝ፤ እሰየው። ወደዚያ ወንበር በኋላ እመለሳለሁ።

እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የበሩ ጥበቃዎች «ጋሼ መሳቢያ» የሚሉኝ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በወጣትነቴ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ካርቶን ተሸካሚ ነበርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩትም፣ የእኛንም የውጭውንም፣ እዚያው ከካርቶኖቹ ላይ ነው። አናጢነቱንና የብረት ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ ጣቴን እየመታሁ ለመድኩት። በመጋዘኑ ዓመታት የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ መድኃኒት የሚያሳስተው አለማወቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። ዐዋቂም ይሳሳታል፣ እጁ ዓይኑን ሲቀድመው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት እጅን የሚያዘገዩ ዕቃዎች በመሥራት ነው።

ይህን ደብዳቤ ተቆጥቼ የጻፍኩት እንዳይመስልዎ። ፈርቼ ነው። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ፈራሁ ብሎ በአደባባይ መጻፉ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን መደበቁ ትርፍ የለውም። ባለቤቴ በሁለተኛው ፎቅ፣ በሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ በልብ ሕመም ከተኛች ዐሥራ ሰባት ቀን ሆናት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጧት፣ በቀትርና በምሽት፣ ክንዷ ላይ በተተከለው ቀጭን ቱቦ መድኃኒት ይሰጣታል። እኔም በቀን ሦስት ጊዜ እፈራለሁ። ምክንያቶቼን በሥርዓት ቆጥሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቁምሳጥኑ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ለዚያው ክፍል የመድኃኒት ቁምሳጥን ሠርቼ ነበር። እያንዳንዱ ብልቃጥ በራሱ ልክ የተቦረቦረ ጎድጓዳ ነበረው፤ የአንዱ ብልቃጥ በሌላው ጎድጓዳ አይገባም። ከታች በግራ በኩል ለብቻዋ አንዲት መሳቢያ ነበረች። በእርሷ ውስጥ የሚቀመጠው፣ በብዙ ውሃ ሳይቀጥን ወደ ደም ሥር ከገባ ልብን ቀጥ የሚያደርገው መድኃኒት ነው። መሳቢያዋ በአንድ እጅ አትከፈትም፤ ስትከፈትም ደወል ትጮኻለች። ደወሉ ሲጮኽ በአቅራቢያው ያለ ማንም ሰው፣ ነርስም ቢሆን ጽዳት ሠራተኛም ቢሆን፣ «አንብቢ» ይላል። የያዘችውም በብልቃጡ ላይ ያለውን ጮክ ብላ ታነባለች። ልማዱን ያስያዝናቸው እኔና ዛሬ በጡረታ ያሉት ዋና ነርስ ነን። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከዚያች መሳቢያ የተነሣ የሞተ ሰው አልነበረም። ያልሞተ ሰው ደግሞ በሪፖርት አይጻፍም፤ ስለዚህ ባያውቁት አልፈርድብዎትም።

እርስዎ በተሾሙ በሦስተኛው ወር ደወሉን «የሕሙማንን ዕረፍት ስለሚነሳ» በሚል አስነቀሉት። ሕሙማኑ ከዚያ ወዲህ በጥልቅ እንዲያርፉ ማሰብዎን አመሰግናለሁ፤ ዕረፍቱ እጅግ እንዳይጠልቅ ብቻ ሠጋሁ። ቀጥሎ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቁምሳጥኑ ራሱ ወጣ። የንብረት ክፍሉ የፋብሪካ ስምና የሞዴል ቁጥር ስላጣበት «ልዩ ልዩ እንጨት» ብሎ መዝግቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አወረደው። በምትኩ ባለ መስታወት መደርደሪያ ገባ። ያምራል፤ ዓይኔን አልክድም። ብልቃጦቹ እንደ ሰልፈኛ በቁመት ተደርድረውበታል፤ እንግዶቹም አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ክቡርነትዎ፣ የቱቦ ማጠቢያው የጨው ውሃና ያ ልብ የሚያቆመው መድኃኒት ቁመታቸው እኩል ነው። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው። ክዳናቸውም ነጭ ነው። በቁመት ሲደረደሩ እንደ መንታ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

ሁለተኛ፤ ስለ ወንበሮቹ።

ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን ያስተማረኝ ሐኪም ሳይሆን የባለቤቴ ማቃሰት ነው። ለእርሷ ብዬ ቀና አድርጎ የሚይዝ፣ ጀርባው በሦስት ደረጃ የሚዘነበል፣ ክንድ ማሳረፊያው እንደ ጠረጴዛ የሚዘረጋ ወንበር ፈለሰፍኩ። ስጨርሰው ይሻላት ይሆናል እያልኩ ስሠራ፣ ሳልጨርሰው ተሻላት። ስለዚህ ሦስት ጨምሬ አራቱንም ለክፍሉ ሰጠሁ። ዛሬ ሕመሟ አገርሽቶ ስትገባ ሦስቱ ወንበሮች ከልዩ ልዩ እንጨቱ ጋር ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። አራተኛው የት እንዳለ ወገብዎ ያውቀዋል። ባለቤቴ ሁለት ትራስ ተደርቦላት እየተንሸራተተች ትውላለች፤ እኔም በተፈቀደልኝ ሰዓት እየገባሁ ከብብቷ ሥር ይዤ ቀና አደርጋታለሁ። የሠራው ሥራ ከአንድ ግድግዳ ማዶ ተቆልፎበት ሰው በእጁ ወንበር ሲሆን ምን እንደሚሰማው ለመግለጽ ቃል የለኝም። እጄ አመድ አፋሽ ነው ብዬ ልለፈው።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ በቀትር ስለ ሆነው።

አዲሷ ነርስ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ቱቦውን ልታጥብ መጣች። ትሑት ልጅ ናት፤ ለሃያ ስምንት አልጋ ብቻዋን ነበረች፤ ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ብልቃጡን ከፍታ በመርፌ ቀድታለች። ባለቤቴ እንደ ልማዷ እየቀለደችባት ነበር፤ ይህ ሽማግሌ ከእኔ ይልቅ መሳቢያዎቹን ይወዳል፣ ስሞትም በመሳቢያ ነው የሚቀብረኝ ትላታለች። እኔ አልሳቅሁም። ልማድ ሆኖብኝ በትሪው ላይ ያለውን ባዶ ብልቃጥ አየሁት። መነጽሬን እስካወጣ ድረስ መርፌው ቱቦው ውስጥ ስለሚገባ የልጅቱን የእጅ አንጓ ያዝኩ።

«ልጄ» አልኳት፣ «አንብቢልኝ።»

አነበበች። እስከ መጨረሻው አልደረሰችም። ሁለተኛውን ቃል እንዳለች የቀዳችው የጨው ውሃ አለመሆኑን አውቃ በባለቤቴ እግር በኩል አልጋው ላይ ቁጭ አለች። መርፌውን ከእጇ ለማውጣት ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ባለቤቴ እኔንም እርሷንም ተራ በተራ አየች፤ ቀልዷ ቆመ። ኋላ ቀስ ብላ «ለካ ደወሉ ስላልጮኸ ነው» አለች።

ልጅቱ የሆነውን ሳትደብቅ ራሷ ለአለቆቿ ተናገረች። ለዚህ እጅ ነሥቻታለሁ፤ እባክዎ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አንዳች እንዳይደርስባት። በማግስቱ የእርስዎ ውሳኔ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መደርደሪያው ባለበት እንዲቆይ፣ እኔ ግን «በሥራ ላይ ያለች ሠራተኛን እጅ በመያዝ ሥራ ስላወክሁ» አስታማሚነቴ እንዲሰረዝና ከሌላው ጠያቂ ጋር ከሰዓት በኋላ ብቻ ለአንድ ሰዓት እንድገባ ይላል። ለፍትሕዎ ፍጥነት ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። በዚያች ክፍል ውስጥ አደጋ ሊያደርሱ ከሚችሉት ሁለት ነገሮች፣ ከብልቃጡና ከእኔ፣ አንዱን በአንድ ቀን አስወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከግቢው በር ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ባለ አንድ ድንጋይ ላይ እውላለሁ። ከዚያ የእርሷ መስኮት ይታያል። መድኃኒቷን ወስዳ ደኅና ከሆነች ሰማያዊ ሻሿን በመስኮቱ እጀታ ላይ እንድታስር ተስማምተናል። ስንስማማ «መድኃኒቱ ቢስተኝ የአንተ ፍርሃት አይስተኝም» ብላ ስቃብኛለች፤ ግን ታስራለች። ትናንት በቀትር ሻሹ ሃያ ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ስንት እንደ ሆነ ክቡርነትዎ በስብሰባ ያውቁት ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ ያወቅሁትን ለጠላቴም አልመኝም። በእጄ ወደ መስኮቱ አመለከትኩ። አንዱ ጥበቃ አይቶኝ፣ ሥራውን ጥሎ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ለካ ከጎኗ ካለችው ሕመምተኛ ጋር ወሬ ይዛ ረስታው ኖሯል። ሻሹ ወጣ። እኔ ግን የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን እያሰብኩ እስከ መጠየቂያው ሰዓት ከድንጋዩ አልተነሣሁም።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው።

ሰው ሲከስ ራሱን መዝለል የለበትም። ቁምሳጥኑን ያስረከብኩ ጊዜ ጡረታ የወጡት ዋና ነርስ አጠቃቀሙን በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ እንድለጥፍ ለምነውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ቁምሳጥን እርሱ ራሱ ጉድለት አለበት፣ የእኔ ዕቃ በራሱ ይናገራል አልኩ። በየዓመቱ ለመኑኝ፤ በየዓመቱ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ እንኳ አንተ ሰውዬ ግትርነትህ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል ብላኝ ነበር፤ ያ ሰው እርሷ ልትሆን ነው ብላ አላሰበችም። እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ ልማዱን ይዘውት ወጡ፤ የደወሉን ትርጉም የሚያውቅ ሰውም ጠፋ። እርስዎ ያስነቀሉት ደወል፣ የጮኸበትን ምክንያት ማንም ያልጻፈለት ደወል ነበር። ስለዚህ ከፍርሃቴ ግማሹ የእርስዎ ሲሆን ግማሹ የእኔ ነው። ድርሻዬን ይዣለሁ፤ የእርስዎን ቢረከቡኝ ሸክሙ ይቀለኛል።

በዐሥራ አንድ ዓመቱ ያንን ወረቀት ጽፌአለሁ። አንድ ገጽ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሌላ ቅጂውንም በዋናው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። በሕይወቴ ለምኜ ስለማላውቅ አነጋገሩ ቢሻክር ይቅር ይበሉኝ። ቁምሳጥኔን መልሱልኝ አልልም፤ ማገዶ ያድርጉት። ደወሉን በውሻ አንገት ይሰሩት። ወንበሮቹም ተቆልፎባቸው ይኑሩ። እንጨት ነው፤ እንጨት አይሞትም። ያቺን አንዲት ብልቃጥ ብቻ ከመስታወቱ መደርደሪያ አውጥተው ለብቻዋ፣ በካርቶንም ቢሆን፣ በሌላ ክፍል ያስቀምጡልኝ። የሚፈጀው ሁለት እጅና አምስት ደቂቃ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች የመደርደሪያ ውበት ስላልገባቸው ሊሆን ይችላል፤ እኔም አልገባኝም።

ይህን ስጽፍ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ዓይኔም ከወረቀቱ ይልቅ መስኮቱ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ ጽሑፉን ማቆሜን ይፍቀዱልኝ።

ሻሹ ወጥቷል። ስለዚህ እስከ ምሽት ድረስ ጨዋ ሰው ነኝ።

የግቢዎን ጽዳት፣ የመስታወትዎን ጥራትና የውሳኔዎን ፍጥነት ዘወትር የማደንቅ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ከመንገድ ማዶ የምገኝ፣

የልዩ ልዩ እንጨት ሠሪ፣
በመስኮቱ በኩል የተኛችው ሴት ባል

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፤ በቢሮዎ ያለው አራተኛው ወንበር ከመቀመጫው ሥር ጀርባውን የሚይዝ ቀይ ቀለም የተቀባ ብሎን አለው። በየስድስት ወሩ ካልጠበቀ የተደገፈውን ሰው ይዞ ወደ ኋላ ይወድቃል። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው እኔው እየመጣሁ አጠብቀው ነበር፤ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ ከመጠየቂያ ሰዓት ውጭ እንዳልገባ አዘዋል። እርስዎም ቢሆኑ እንዲወድቁብኝ አልፈልግም፤ ፍርሃት ምን እንደሚመስል አውቃለሁና። የብሎኑን መፍቻ ለጥበቃው ሰጥቼዋለሁ። እስኪመጣልዎ ድረስ ቆመው ይቆዩ፤ ቆመውም ሳሉ የተያያዘውን አንድ ገጽ፣ አጠገብዎ ሰው አቁመው፣ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።