በድምፅህ የተቃኘው በገና

ውድ ወንድሜ ሙሉብርሃን፤

እንደምን ሰነበትክ? ቦንጋ ዛሬም ዘንቧል። በር ሥር የምታነጥፋትን ጆንያ አንጥፌያለሁ፤ ውሃ አልገባም። አከራያችን እትዬ ወለተሥላሴ ዛሬም መብራት በዛ ብለው ይነጫነጫሉ፤ ግን የሚቆጡት ቆጣሪውን እንጂ እኔን አይደለም። ካንተ በኋላ ሰው ሁሉ እኔን መቆጣት ፈርቷል። አንዳንዴ እንደ ድሮው ቢጮሁብኝ እላለሁ።

የምጽፍልህ ስለ በገናው ነው። ጠብቀው ብለኸኝ ነበር። ምን እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰማ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ያን ቅዳሜ የበገና ማኅበሩን ተማሪዎች ልታስተምር ወደ ደካ ስትነሳ በገናውን አንጠልጥለህ በሩ ላይ ቆምክ። ሰማዩን አየህ። ከዚያ ተመልሰህ ግድግዳው ላይ ሰቀልከው።

«እዚያ በልጆቹ በገና አስተምራለሁ፤ ይሄ ዝናብ አይወድም» አልከኝ። «ጋቢውን አልብሰው። እንዳትነካው ደግሞ።»

«አንተስ ጃኬት አትለብስም?»

«እኔን ማን ይደረድረኛል!» ብለህ ሳቅክ።

በገናውን ጋቢ አለበስኩት። ሞተርህ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ በጭቃ ሲንሸራተት፣ አንተ ዝናብ ውስጥ ወድቀህ ሰው ስትጠብቅ፣ እሱ ደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይህን ነገር ማሰብ ማቆም አልቻልኩም። ልቆጣ ብል እንኳ የሚቆጡት ሰው የለበትም። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ በቃ።

እንዳስተምርህ ስንቴ ለምኜህ እንደነበር ታስታውሳለህ? መልስህ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «መጀመሪያ ድምፅህ ይርጋ። በገና የሚቃኘው በደርዳሪው ድምፅ ነው። ያንተ ጠዋት የሕፃን ነው፣ ማታ የሽማግሌ። ለየትኛው ልቃኘው?» ከዚያ እናደድ እንደሆነ ለማየት «አውራ ዶሮ» ትለኛለህ። እናደድ ነበር። በንዴት ስመልስልህ ደግሞ ድምፄ መሀል ላይ ይሰበርና አንተ አልጋ ላይ ወድቀህ ትስቃለህ።

ግን ስትቃኝ አይህ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ ከደረትህ ሥር «እምም» ትላለህ። የመጀመሪያውን መቃኛ ቀስ እያልክ ታዞራለህ። አውታሩ ሲቀርብ፣ ሲያልፍ፣ ሲመለስ ቆይቶ የሆነ ቦታ ላይ ጉሮሮህና የበግ አንጀቱ አውታር አንድ ይሆናሉ። ያኔ የቱ አንተ የቱ በገናው እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ያቺን ሰዓት እጠብቃት ነበር። ነግሬህ አላውቅም።

ድምፅህ የተቀረጸበት ስልክህ ካንተ ጋር ጭቃ ገብቶ አልበራም። ቴክኒሻኑ ሰሚር ከፍቶ አይቶ «ወንድሜ፣ አልዋሽህም፤ ይሄ አልቋል» አለኝ። በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ያለው ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ በመምህራችሁ በጋሽ ከፈለኝ ድምፅ ተቃኝታችሁ የደረደራችሁት ነው። አንተን ከመሀላቸው ፈልጌ አጣሁህ። በስልኬ ስፒከር ደግሞ የአሥር ሰው በገና ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል።

ስለዚህ የቀረኝ መቃኛዎቹ ነበሩ። አሥሩም አንተ አዙረህ በተውክበት ቦታ ቆመው ነበር። የበግ አንጀት በእርጥበት እንደሚረግብ ስለነገርከኝ ከሚያልበው ግድግዳ አውርጄ አልጋህ ላይ አስተኛሁት። ጋቢውን በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ አሰጣና መልሼ አለብሰዋለሁ። አልነካሁትም። ዝቅ ቢል እንኳን ጥቂት ነው፣ ገና ያንተው ድምፅ ነው እያልኩ።

የማኅበሩን ደንብ አውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። በገናው የማኅበሩ ነው። የሚማረው ብዙ፣ በገናው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሲያቆም ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሄዳል። ቀጣይዋ ቤዚ ናት፣ ከሐዋሳ የመጣችው የነርሲንግ ተማሪ። እስካሁን የምትለማመደው አንተ በሠራህላት ጣውላ ላይ ነው፣ ሲባጎ የተወጠረበት፣ ድምፅ የሌለው። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ «ዮሲ፣ እኔ ምንም አልቸኩልም እሺ?» አለችኝ። ይህን ስትል ጣቶቿ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ላይ ይደረድሩ ነበር። እሷ ራሷ አላወቀችም። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

ጋሽ ከፈለኝ «እስከ አርባው እናንተው ጋ ይቆይ» አሉ። አርባህ ደግሞ መጣ።

ማኅበርተኞቹ ቦንጋ ላይ ሚኒባስ ይዘው ቢታ ገነት እነአባዬ ቤት ድረስ መጡ። በገናህንም ከአልጋህ አንስተው ይዘውት መጡ። አባዬ ድንኳኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰው «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» ሲል ዋለ። እሱ አልበላም። ሰው ከተስተናገደ በኋላ እማዬ በገናህን ከተደገፈበት አንስታ እንደ ሕፃን አቅፋ ጋሽ ከፈለኝ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ በልጄ በገና ይደርድሩልኝ» አለች።

«ደስ ይለኛል፣ እትዬ በላይነሽ» አሉና ተቀብለው ተቀመጡ።

ጋቢውን ገለጡት። እጃቸው ወደ መቃኛው ሲሄድ አየሁ። ጋሽ ከፈለኝን ታውቃቸዋለህ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ያንተ ጎርናና። የመጀመሪያውን መቃኛ ይዘው ለራሳቸው ዝቅ አድርገው አዜሙ።

«ጋሼ!» አልኩ።

ድምፄ ተሰበረ። መጀመሪያ ላይ ወፍራም ሆኖ ወጥቶ መጨረሻው ጫጩት ሆነ። የአክስታችን ልጆች ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው፤ አንዷ «ኩኩሉ!» ስትል ሰማኋት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። እማዬም አየችኝ፤ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቷ ተፈትቶ አላየሁም።

«አቤት ልጄ?» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

ምን ልበል? እማዬ የለመነችውን ተዉት ልበል? «ምንም» አልኩ።

መቃኛውን አዞሩት። ቀጥሎ ሁለተኛውን። አንጀቱ እየተወጠረ ሲጮህ ይሰማኛል። አሥሩንም አንድ በአንድ ወደ ራሳቸው ድምፅ አወጧቸው። ከዚያ ደረደሩ፤ ውብ አድርገው ደረደሩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እማዬ እጃቸውን ሳመች። እኔም አለቀስኩ። ሁሉም በአንተ ሐዘን መስሏቸው አቀፉኝ። እሱም ነው።

ስንመለስ በገናውን ጉልበቴ ላይ ይዤ ከጋሽ ከፈለኝ ጎን ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ዕቃ ላይ እንጫነው» አለ ረዳቱ።

«ይረጥባል።»

«ምን፣ ስኳር ነው?»

«ዝም ብለህ በርህን ዝጋ!» አሉት ጋሽ ከፈለኝ። እሳቸው ሰው ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም።

ደካን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል?»

«ወደ ምኑ?»

«ወደ ሙሉብርሃን ድምፅ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ፤ መልሰው ግን አላደረጉትም።

«ምነው ያኔ ብትነግረኝ!» አሉ። ወዲያው ደግሞ «የለም፣ ጠርተኸኝ ነበር» አሉ። «ደርዳሪ በገና ሲሰጡት እጁ ሳያስብ ወደ መቃኛው ነው የሚሄደው። አላሰብኩም፣ ልጄ። ቅኝቱን እንኳ እቃኘዋለሁ። ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ግን የእሱ ጉሮሮ ነበር።»

እስከ ቦንጋ ድረስ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ባጃጅ ይዘው በር ድረስ አደረሱኝና «ነገ ከትምህርት በኋላ ቤዚ በገናውን ልትወስድ ትመጣለች፤ ካልሆነልህ ሌላ ጊዜ ትምጣ» አሉኝ። «ትምጣ» አልኳቸው። ዛሬ ባስቀረው ምን ይጨምርልኛል?

እስከ አርባህ እኔ ጋ የሰነበተችው እማዬ ቢታ ገነት ቀርታለች። ስለዚህ ይኸው፣ ዛሬ ብቻዬን ስነቃ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ።

ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ አልጋህን አየሁ፤ በገናው ተኝቶበታል። ጆንያዋን ጨምቄ መልሼ አነጠፍኳት። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ከዚያ አንተ የምትቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀምጬ በገናውን ፊቴ አቆምኩና ዓይኔን ጨፍኜ «እምም» አልኩ። ድምፅህን ጭንቅላቴ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል አውቀዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን እሱ አይደለም። እንደገና ሞከርኩ። ወደ ታች ስወርድ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። እትዬ ወለተሥላሴ ከወዲያ ግድግዳ «ዮሲ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉ። «ደህና ነኝ» አልኳቸው፤ እሱም ተሰበረ።

ለሌላ ሰው የሚሰጥ በገና ረግቦ ነው የሚሰጠው፤ ተቀባዩ ከራሱ ድምፅ እንዲጀምር። ይህንንም አንተ ነህ የነገርከኝ። ስለዚህ የመጀመሪያውን መቃኛ ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነካሁት፣ ይቅር በለኝ። በአንድ እጄ አውታሩን እየነካሁ በሌላው ቀስ ብዬ አረገብኩት። ከጋሽ ከፈለኝ ድምፅ ተነስቶ ወረደ፣ ወረደ፣ ወፈረ፣ ከዚያም ላልቶ ዝም አለ። ሁለተኛውንም እንደዚያው።

ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። የእሳቸው ቀጭን፣ ያንተ ጎርናና ነው። አውታሩ ከእሳቸው ድምፅ ወደ ዝምታ ሲወርድ መንገዱ ላይ አንድ ቦታ አንተን ያልፋል። የግድ ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ከዚያ በኋላ እጅግ በጣም ቀስ ብዬ አዞርኩ። ትምህርት ቤት ረፈደብኝ። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ እያንዳንዱን አዳመጥኩ፣ እስከ አሥረኛው። የቀሩት ሰባቱም በአንተ በኩል አልፈዋል። የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅኩም።

ድምፁ ገና ያልረጋው ወንድምህ፣
ዮሲ