ክብሬን የጠበቀልኝ የክፍል ሰባት ቁልፍ

ቢጠና፣ ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደገፉ
የመናኸሪያ ዙሪያ አልጋ አከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ፣ ከውስጥ በሚቆለፍ በር ጀርባ እንድታገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ወይዘሮዋም፣ ልጆችዎም፣ ባለ ሦስት ፎቁ ፔንሲዮንዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቢጠናዎች ስለ እርስዎ ማኅበር ከማውራት በስተቀር ሌላ በሽታ የለብንም።

የምጽፍልዎት ከደስታ ብዛት ነው። ሴት ልጅ አርባ ስምንት ዓመት ኖራ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራ፣ በራሷ እጅ ሱቅ ከፍታ፣ ክብሯን የሚጠብቅላት ማኅበር ሶዶ ላይ መቋቋሙን ሳትሰማ ብትሞት ኖሮ እንዴት ያሳዝን ነበር! እኔ ግን ሰማሁ፤ መስማት ብቻ ሳይሆን አየሁት፤ ማየት ብቻ ሳይሆን አድሬበታለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ፤ ወሬ ስለማበዛ ግን ተራው ቢዛነፍብኝ ይታገሡኝ።

ዓመለወርቅ ጩማ እባላለሁ። ቢጠና ላይ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ሱቅ የእኔ ናት። በወር አንድ ጊዜ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ደብተሩን ልገዛ ብቻዬን ወደ ሶዶ እወርዳለሁ። ዕቃዬን የሚጭንልኝ አይሱዙ የሚነሳው በማግስቱ ጠዋት ስለሆነ ማደር ግድ ነው። ድሮ የባለቤቴ እህት ዘንድ ነበር የማድረው፤ እሷ ኑሮዋን ወደ ሐዋሳ ካዞረች ወዲህ ግን አልጋ መራጭ ሆኛለሁ። ለእኛ ለቢጠና ሰዎች ሶዶ ትልቅ ከተማ ናት፤ በትልቅ ከተማ ርካሽ አልጋ ለብቻዋ የምትመርጥ ሴት ደግሞ ዓይኗም አፍንጫዋም ንቁ መሆን አለበት። በግ በላቱ፣ አልጋ በመቀርቀሪያው ይመረጣል ባይ ነኝ። እኔ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። ቀጥዬ ትራሱን አሸታለሁ፤ ከእኔ በፊት የተኛው ሰው ፀጉሩን ምን እንደተቀባ ካወቅሁ ሌላ ክፍል እጠይቃለሁ። ሻወር «አለ» ሲሉኝ ውኃውስ እላለሁ፣ ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ። ከታች መጠጥ ቤት ካለ የቴፑ ድምፅ ማጉያ በየትኛው ግድግዳ እንደተሰቀለ አያለሁ። የነጠላ ጫማው ግራና ቀኝ ከአንድ እናት መወለዱንም አጣራለሁ። ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዤ፣ በእርስዎ ማኅበር ዘመን ምንም እንደማያስፈልገኝ ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው።

አንደኛ ምስጋናዬ ስለ ማስታወቂያው ነው። አመሻሹ ላይ ከጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ ሁለት ካርቶን ሳሙና አንጠልጥዬ ወደ መጀመሪያው አልጋ ቤት ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ማኅተም የተመታበት አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦ «ለሴቶች ክብርና ለከተማችን መልካም ገጽታ ሲባል፣ ያለ ወንድ አጃቢ ለመጣች ሴት አልጋ አይከራይም፤ ቁልፍም ለአጃቢው ይሰጣል።» በመልካም አስተዳደር ሳምንት፣ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ መሆኑም ተጽፏል። በሙሉ ድምፅ መሆኑ አላስገረመኝም፤ ስብሰባው ላይ ብቻዋን አልጋ ይዛ የምታውቅ ሴት አልነበረችማ። ከወረቀቱ ሥር የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ተቆልፏል። በዚያች ምሽት ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በደንብ የተቆለፈው እሱ ነበር።

ሁለተኛው አልጋ ቤትም ያው ሆነ። ሦስተኛው የእርስዎ የራስዎ ፔንሲዮን ነው፤ እንግዳ ተቀባይዋ ኢየሩሳሌም የምትባል ትሑት ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ወንበር ሰጠችኝ። «ማዘር፣ ባለቤትዎ ይምጡና ቁልፉን ይውሰዱ» አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቢነሣ ደስታውን አልችለውም፤ ነገር ግን ከመቃብር የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የፔንሲዮን ቁልፍ መቀበል ይሆናል ብዬ አላምንም አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ወረቀቱን አሳየችኝ። እንደዚያ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ጎልማሳ፣ ልጁ የምትመስል ነገር ግን ልጁ ያልሆነች ወጣት አስከትሎ ገባ። ማን ናት፣ ምንህ ናት የሚል ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን ተቀብሎ ይዟት ወደ ፎቅ ወጣ። ክብሯ ያኔውኑ ተጠበቀ። እኔ የነዋሪነት መታወቂያዬንና መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ፣ ከሳሙናዬ ጋር ተቀምጬ፣ ገጽታ ሳበላሽ ቀረሁ።

ቀልዴን ለአፍታ ላቁመውና፣ ክቡር ሆይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በማታውቀው ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ሆነው አያውቁምና ልንገርዎት። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ የሰዉ ዓይን ግን ይለወጣል። ቀን «እናቴ፣ ልሸከምልሽ?» ያለኝ ጎረምሳ፣ ሲመሽ ሌላ ነገር ይለኛል። ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ ግቢው ውስጥ ከአስታማሚዎች ጋር ኩርምት ልበል ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን የማንን በሽተኛ አስታምማለሁ ልበል? ታማሚ ያላት ሴት የምትተኛበትን ቦታ በውሸት መያዝ አሳፈረኝ።

ሁለተኛ ምስጋናዬ ስለ አጃቢው ነው። መናኸሪያው በር ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ኤርካሎን አገኘኋቸው፤ ወደ ቢጠና የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲጸልዩ እንኳ ድምፃቸውን የማያሰሙ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው፣ «እህት ዓመለወርቅ፣ ለአንድ ቁልፍ ነው? ነይ እንጂ፣ ሕግ ከሆነ እናክብረው» አሉና ከባዱን ካርቶን ተሸከሙልኝ። ኢየሩሳሌምም እንደ ደንቡ ቁልፉን በእጃቸው ሰጠቻቸው። ደረጃውን ወጣን፤ በሩን ከፈቱልኝ፤ ካርቶኑን አስቀመጡ፤ «ጌታ ያሳድርሽ» ብለው እየሮጡ ወረዱ፣ ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋ ነበርና። ደጃፉን እንኳ አልተሻገሩም።

ሦስተኛ ምስጋናዬ ስለ ቁልፉ ነው፤ ዋናውም ይኸው ነው።

ጋሽ ኤርካሎ እንደ ማንኛውም በር ከፍቶ እንደሚገባ ሰው ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። እኔ ልብ ያልኩት በሩን ልዘጋ ስል ነው። መቀርቀሪያ ብፈልግ የነበረበት ሦስት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወርጄ ትርፍ ቁልፍ ብጠይቅ ኢየሩሳሌም አዘነችልኝ፤ «ማዘር፣ ቁልፍ የአጃቢው ነው፣ እሳቸውን ይጠይቁ» አለችኝ። አጃቢዬ በዚያን ሰዓት ሶዶን ለቀዋል። እንግዲህ አልጋውን ወደ በሩ ገፋሁ፣ በላዩ የሳሙና ካርቶኖቹን ደረደርሁ፣ ጀርባዬን አስደግፌ ቁጭ አልሁ። ኮሪደሩ ላይ ጫማ በተሰማ ቁጥር ሳሙናዬን አቅፌ መዝሙር እያንጎራጎርሁ ነጋልኝ። በማኅበርዎ ደንብ መሠረት የተጠበቀ ክብር እንዴት ያለ ጽዳት እንዳለው እንግዲህ ይገምቱ፤ እስካሁን ሳሙና ሳሙና እሸታለሁ።

እኔ እዚያ ሳለሁ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ጋሽ ኤርካሎ ሮጠው ስለነበር ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረባቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ ቁልፉ ከነእንጨት ማንጠልጠያው ዱብ አለ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ጎረቤቴ አገርነሽ ናት። አገርነሽን ስለማያውቋት ልግለጽልዎት፦ ሬዲዮ የሌለው ሰው በእሷ ደጅ በኩል ቢያልፍ ዜና አያመልጠውም። አነሣችው፤ ማንጠልጠያውን አነበበች፤ የፔንሲዮንዎን ስም ከነ«ክፍል 7» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጋሽ ኤርካሎ፣ የአልጋ ቁልፍዎ ወደቀ!» አለች። ምስኪኑ ሰው መዋሸት አያውቁም። «የእህት ዓመለወርቅ ነው» አሉ።

ከዚህ በላይ ማብራራት የለብኝም። አይሱዙው በማግስቱ ቢጠና ሲያደርሰኝ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ እየተዘዋወረ ነበር።

አሁን ቁልፉ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሽ ኤርካሎ ነገሩ እስኪጣራ ከአገልግሎት ታግደው፣ ሃያ ዓመት የተቀመጡበትን የፊት ወንበር ትተው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው አባይነሽ ስትጠየቅ፣ «ይሄ ሰውዬ የገዛ ቤታችንን ቁልፍ ይዞብኝ እየሄደ በመስኮት ስገባ የኖርኩ ሴት ነኝ! ኪሱን እኔ አላውቀውም? ቁልፍ ካየ ይከታል፣ ሌላ ምን ይችላል?» ብላ ሸንጎውን በሳቅ ገድላዋለች። ግን የሚስት ምስክርነት ለባል አይበቃም ተብሏል። እንዲያውም በማግስቱ አባይነሽ አንድ ሳፋ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከበርበሬ ዳጣው ጋር ይዛልኝ መጥታ ስንበላ የታየን ጊዜ፣ «አስታርቀዋቸዋል ማለት ነው፣ እንግዲህ ነገሩ እውነት ነው» ተባለ።

እኔስ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ ተብሎብኛል፤ ቆዳዬ ደንድኗል። የልጄ የፋና ግን አልደነደነም። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የእጮኛዋ የእስራኤል ቤተሰቦች ሁለት ሰው ልከው፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ፣ ልክ እርስዎ ማስታወቂያ ላይ እንደሚጽፉት ባለ ቋንቋ፣ «የእናትየው ጉዳይ እስኪጠራ እንቆይ» አሉ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ፋና የሠርግ ልብሷን ጨርቅ አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እማ፣ ምናለ መናኸሪያው ውስጥ ብታድሪ ኖሮ?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጄ ልክ ናት። መሬት ላይ፣ ከጆንያ ጋር፣ ለሌባና ለውሻ ተጋልጬ ብተኛ ኖሮ ዛሬ የተከበርሁ እናት ነበርሁ። ክብሬን ያጣሁት እርስዎ ስለጠበቁልኝ ነው።

አራተኛ፣ በስልክ ስላደረጉልኝ መስተንግዶም አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው፣ ወይም ሰው ልከው፣ «ደንቡ የእኛ ነው፣ ቁልፉን ለወንድየው የሰጠነው እኛ ነን» እንዲሉልኝ ብለምንዎት፣ «ማኅበራችን በግለሰቦች የግል ጉዳይ ጣልቃ አይገባም» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ብቻዬን ልተኛ ስል የማኅበሩ ጉዳይ ነበርሁ፤ ስሜ ሲጠፋ የግል ጉዳይ ሆንሁ።

ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊታችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመጣሉ፤ የእስራኤልም ቤተሰቦች ይገኛሉ። ቢጠና ድረስ ይምጡና ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ማኅተም ይዘው መምጣት የለብዎትም፤ አፍዎ ይበቃናል። ቁልፍዎንም በዚያው ይረከባሉ። ባይመጡ ግን ይህ ደብዳቤ በሦስቱም አልጋ ቤቶች ደጃፍ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን እንዲለጠፍ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ሣጥንዎ ስለተቆለፈ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። እሑድ ጠዋት ጋሽ ኤርካሎን በሩ ሥር ሳያቸው ወደ ፊት ወንበራቸው እጃቸውን ይዤ አስቀምጣቸዋለሁ። የሚያይ ይይ፤ ከዚህ በላይ ምን ሊባል ነው?

ከማኅበርዎ ጥበቃ ሥር ባደርሁባት ሌሊት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ሁሉ ለእርስዎ እየመረቅሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እሰናበትዎታለሁ።

ዓመለወርቅ ጩማ
ባለሱቅ፣ የፋና እናት፣ የክፍል 7 እንግዳ

ግልባጭ፦
ለእንግዳ ተቀባይዋ ለኢየሩሳሌም፣ ስለ ወንበሩ በእውነት ለማመስገን
ለአገርነሽ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብልን

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ወርም ለሱቄ ዕቃ መምጣቴ አይቀርም። ደንብዎን ማክበር እወዳለሁ፤ ችግሩ ግን ቢጠና ውስጥ ከእኔ ጎን ለመቆም የሚደፍር ወንድ አሁን አንድም የለም። ስለዚህ አመሻሹ ላይ መናኸሪያው በር ላይ እርስዎ ራስዎ ይጠብቁኝና ያጅቡኝ። ካርቶኔን እኔ እሸከማለሁ፤ እርስዎ ቁልፉን ብቻ በእጅዎ ይቀበሉ፣ በሩን ይክፈቱልኝ፣ ከዚያም ኪስዎ ውስጥ ከተው ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ወይዘሮዋ እራት ሲያቀርቡ መሐረብዎን ያውጡ። በማግስቱ ስለ ሴት ክብር ሁለታችን ቁጭ ብለን፣ እኩል አውቀን፣ እንወያያለን።