ከአራተኛ ፎቅ በዝግታ ስለወደቀው መዶሻ

ለተከበሩ አቶ ክንፈሚካኤል ወንዳወቅ
የገበያ ዳር ሕንፃ አደጋ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ በተለይም እስከ ዛሬ ከላይ ምንም ነገር ወድቆበት የማያውቀው ራስዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ቻይነሽ ግን በርበሬ ከምትሸጥበት መደብ ላይ እንደተቀመጠች፣ በግንባታ ላይ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የወደቀ መዶሻ ትከሻዋን ከሰበራት ይኸው አምስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ ነጠላዋን እንኳ የምትለብሰው በሰው እጅ ነው።

ኮሚቴዎ ጉዳዩን አጣርቶ ባለ ስድስት ገጽ ሪፖርት ስላወጣልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቅሬታዬንም በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. በገጽ ሁለት ላይ፣ መዶሻው አንድ ኪሎ እንኳ ስለማይሞላና ቀላል ዕቃ ደግሞ በዝግታ ስለሚወድቅ፣ ተጎጂዋ ቀና ብላ ብታይ ኖሮ ዞር ለማለት በቂ ጊዜ እንደነበራት ጽፋችኋል። ክቡር ሆይ፣ መሬት ስትስብ ሚዛን አታይም፤ መዶሻውንም የሲሚንቶውንም ከረጢት እኩል ታፈጥናቸዋለች። ከአሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ የተለቀቀ መዶሻ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት ገበያ መሀል ባጃጅ የሚነዳ ቢገኝ እርስዎ ራስዎ ያስቀጡት ነበር።

፪. ግኝታችሁን በሙከራ ማረጋገጣችሁን ሳነብ ደግሞ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ከሁለተኛ ፎቅ የዶሮ ላባና ድንጋይ አንድ ላይ ለቃችሁ፣ ላባው ዘግይቶ ቢደርስ ተጨባበጣችሁ። ላባውን ያዘገየው አየር ነው፤ መዶሻን አየር ደግፎ አያቆየውም። ድንጋዩን ከትንሽ ጠጠር ጋር ብትለቁት ኖሮ እኩል ሲያርፉ ታዩ ነበር፤ ያኔ ግን ሪፖርቱ ሌላ ሊሆን ነውና አልፈለጋችሁም። ሰው በተሰበረበት ቦታ ቆሞ በላባ መጫወት ያስጸይፋል፤ ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

፫. ከሕንፃው ሥር መረብ መዘርጋት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ብላችሁ፣ በምትኩ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንድንጠነቀቅ የሚመክር የብረት ሰሌዳ ከሦስተኛው ፎቅ በሲባጎ አንጠልጥላችሁልናል። ሰሌዳው ባለፈው ማክሰኞ ወደቀ። ሽንብራ የምትሸጠው ናዚፋ የተረፈችው ውኃ ልትቀዳ ተነሥታ ስለነበር ነው። እሷም ሪፖርቱ ላይ የፈረማችሁት አምስት ሰዎች ለምን አንድ የገበያ ቀን ከእሷ ጋር ከሕንፃው ሥር ተቀምጣችሁ እንደማትውሉ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጪው የገበያ ቀን በፊት መረቡ ይዘርጋ። ከማንኩሳና ከደምበጫ የሚመጡት ሴቶች ሪፖርትዎን አላነበቡም፤ ጥላ ስላገኙ ብቻ ከሥሩ ይቀመጣሉ።

በመንገድዎ ሁሉ ጣሪያ የማይለይዎ ያድርግልኝ እያልኩ፣ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር
ቴዎፍሎስ ባንተአምላክ

ማስታወሻ፦ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ይህንኑ ጥያቄ በፈተና አቅርቤልዎ ነበር፤ ከባዱ ቀድሞ ይወድቃል ብለው መለሱ። ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎድሎዎት ነበርና አዝኜልዎ ትክክል አልኩት። የቻይነሽን ክንድ ባሰርኩ ቁጥር ያቺ ነጥብ ትታየኛለች። እባክዎ ይመልሱልኝ።