በጃፓንኛ ጀምረህ የተውከው ጨዋታ

ውዴ ይርጋ፣

ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ይዘውህ ከወጡ፣ አንተም በእግርህ ሳትመለስ ከቀረህ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። እንዴት ነህ እንዳልልህ ምን መልስ ይመጣልኛል። እኔ ደህና አይደለሁም። ሰው ሲጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ላንተ ግን አልዋሽም።

የደባርቅ ብርድ ያው ነው፤ ቤቱም ያው ነው። የሙት ዓመትህን ተዝካር ካወጣን በኋላ፣ ለሐዘን ብለን ቴሌቪዥኑ ላይ የጣልነውን ነጠላ እናትህ ራሳቸው አነሱት። ይብቃሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ክፈችበት አሉኝ። ከፕሌይስቴሽንህ ሌላ ምን እከፍታለሁ?

ይኼኔ ነው ጣጣው የመጣው። ወንድምህ በጃፓንኛ ትጫወተው የነበረውን ያንኑ የምትወደውን ጨዋታ በእንግሊዝኛ አግኝቶ ከጎንደር ይዞልኝ መጣ። አስተማሪ አይደለሽ እንዴ፣ አሁን እንኳ ሰዎቹ የሚያወሩት ይገባሻል አለኝ፣ ደስ ብሎት። እኔ ሲዲውን ተቀብዬ ከጃፓንኛው ጎን አስቀመጥኩት።

የጃፓንኛውን ስትጫወት ትዝ ይልሃል? አንድ ፊደል አታውቅም። ከምርጫው ዝርዝር ሦስተኛው መስመር መድኃኒት፣ አራተኛው ሽሽት እያልክ በቁጥር ነበር የያዝከው። ሰዎቹ ባወሩ ቁጥር ግን ትተረጉምልኛለህ። ጎራዴ የያዘው ልጅ የኛው አገር፣ የደረስጌ ሰው ሆኖ ቁጭ፤ ባለሱቋ አሮጊት ደግሞ አክስቱ። ውሸታም እያልኩ እስቅብህ ነበር። ያቺ ጋሻ የያዘችው ሴት ጓደኞቿን ለማሳለፍ ብላ ድልድዩ ላይ ብቻዋን የቀረች ቀን ግን አለቀስኩ። አይዞሽ፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፣ እኔ አውቃለሁ አልከኝ። ከዚያ የመጨረሻው በር ላይ ደርሰህ ያለህበትን ሴቭ አድርገህ አስቀመጥክና፣ ከሐኪም ቤት ስመለስ አብረን እንገባለን ብለህ ሄድክ።

እና የቱን ልጫወት? የጃፓንኛውን ብከፍት በሩ ላይ ቆመሃል፤ ግን ማን ይተረጉምልኛል? እንግሊዝኛው ያንተን ሴቭ አያነብም፤ ከዜሮ ጀምሪ ይላል። ብጀምርስ፣ ያቺ የድልድዩ ሴት እንደወጣች የቀረች ብትሆንስ?

ባለፈው እሑድ ጨክኜ የእንግሊዝኛውን ከፈትኩት። ሩብ ሰዓት አልቆየሁም። ባለሱቋ አሮጊት ለካ የልጁ አክስት አይደለችም። አታውቀውም፤ ምን ልሽጥልህ ብቻ ነው የምትለው። ፈጥረህ እንደምታወራ ድሮም አውቅ የለም? ግን የቀብርህን ቀን ያህል አለቀስኩ። የባሰው ደግሞ፣ አንተ ለአሮጊቷ ያወጣህላት ስም ጠፋኝ። ወጥ ሳማስል፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ፈለግሁት፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። ይርጋ፣ እየረሳሁህ ነው እንዴ? ፎቶህ አለኝ፣ ጃኬትህ አለኝ፤ ያ አወራርህ ግን ከኔ ጭንቅላት በቀር የትም የለም፤ እሱም እያፈሰሰ ነው። ምን እንደምሆን አላውቅም።

የእንግሊዝኛውን ለወንድምህ መለስኩለት። አኮረፈ መሰለኝ፤ ማስረዳትም አልቻልኩም። አሁን የተማሪ ደብተር ገዝቼ ያንተን ትርጉም ከመጀመሪያው እየጻፍኩት ነው፣ ውሸትህን ከነለዛው። የአሮጊቷን ስም ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ሲመጣልኝ እሞላዋለሁ። የቀረውን ግን አንዲት ቃል አልጥልብህም።

የጃፓንኛውን የመጨረሻ በር አልከፍተውም። ያቺ ሴት ትመጣለች ብለኸኛል። ከእንግዲህ ውሸታም አልልህም።

ሚስትህ