የእናታችን ሁለት ጣቶች

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣሻል ወይ? ፍሎሪዳ ውስጥ በዚህ ወር ሰው በሸሚዝ ይውላል ሲሉ ሰምቼ ቀናሁብሽ። እኔ ተመስገን ነው፤ ያ ሳል ለቆኛል፤ ዓይኔም ጠጋ ብዬ ካየሁበት አያታልለኝም። እዚህ ዉንሶኬት በረዶው ቀልጦ ብላክስቶን ወንዝ እስከ ድልድዩ አፍ ሞልቷል። ያኔ እኔና አንቺ ድልድዩ ላይ ተንጠልጥለን «ዛሬ ቀይ ነው፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው» እያልን ፋብሪካው ምን እንደነከረ እናውቅበት የነበረው ወንዝ፣ አሁን ጠርቶ ዳክዬ ይዋኝበታል። ወንዙ ሲጠራ ሰዉ ደፈረሰ ብልሽ አትሳቂብኝ።

ስልክ አንስቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። በስልክ ከሆነ መጮኼ አይቀርም፤ እኔ ከጮኽኩ ደግሞ አንቺ አትተኚልኝም። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

የእኛን ፈትል ፋብሪካ ኮንዶሚኒየም አደረጉት። ቦስተን የሚሠሩ፣ እዚያ ቤት የተወደደባቸው ወጣቶች ናቸው የሚገቡበት። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑ ግሩም ነው ይባባላሉ። ያ ክሩ እንዳይደርቅ ተብሎ በምስማር የተመታው፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አንድ ጣት የማይከፈተው መስኮት! ለምረቃው የቀድሞ ሠራተኞች የክብር እንግዶች ናችሁ ብለው ጠሩን። ከሮዜር ጋር ሄድኩ። ሮዜር ማለት ያ የሽመና ክፍሉ መካኒክ ነው፤ በወጣትነቱ ለአንቺ ሲል በየእሑዱ ጫማውን ያስጠርግ የነበረው። አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ምላሱ ግን አላነከሰም።

በር ላይ አንዲት ልጅ በጥቁር ማርከር ስማችንን እየጻፈች ደረታችን ላይ ትለጥፋለች። እኔን «አውሮር፣ የቀድሞ ሠራተኛ» አለችኝ። ሮዜር ጎንበስ ብሎ «እኔን እንኳ የቀድሞ ሰው ብለሽ ብትጽፊኝ ያምርብኛል» አላት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ሳቀች።

ምግቡን ብታዪው! የእማማን የገና የሥጋ ፓይ አውራ ጣት አሳክለው ጋግረው በትሪ ያዞራሉ። የባሕር ዛጎል ሾርባውን በመድኃኒት መለኪያ በሚያህል ብርጭቆ ነው የሚሰጡት። «ይኼ ይበላል ወይስ ይሸተታል?» አለኝ ሮዜር።

ከዚያ ሌይን የምትባል፣ ፋብሪካውን ቤት አድርጎ የሚሸጠው ድርጅት ኃላፊ መናገር ጀመረች። ሮድ አይላንድ ከግዛቶች ሁሉ ትንሿ ብትሆንም የሀገሩን ፋብሪካ ያዋለደች እሷ ናት፤ በወንዝ ጉልበት ጥጥ መፍተል የተጀመረው እዚሁ ወንዝ ላይ ነው፤ «ትንሽ መሬት፣ ትልቅ ሐሳብ!» አለች። ተጨበጨበ። ሮዜር ከዘራውን አነሳ።

«ጥጡን ማን ለቀመው?» አላት።

«ከደቡብ ግዛቶች ነበር የሚመጣው፣ አባቴ።»

«ከየት መጣ አላልኩሽም። ማን ለቀመው ነው ያልኩሽ።»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! በመጨረሻ ለጥያቄ ሰዓት አለን» ብላ በፈገግታ አለፈችው። ሰዓቱ ግን አልመጣም፤ ጥጡን የለቀሙት ባሮችም ሳይነሱ ቀሩ። የፋብሪካው ባለቤቶች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ማሽኑን ነቅለው መሄዳቸውንም «የዘመን ለውጥ» ብላ ዘለለችው። ግማሹ ከተማ ሥራ ፈቶ፣ አባባ በስተርጅና ፕሮቪደንስ ከተማ ወርዶ የርካሽ ጌጥ ሲሞርድ አፍንጫው በናስ ብናኝ መዘጋቱ፣ የዘመን ለውጥ ነው አሉ።

እዚህ ድረስ ችዬ ነበር። ኋላ መጋረጃው ተገለጠ።

ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ግድግዳውን ሞልታ፣ እማማ።

ያ ፎቶ ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ አባባ ያነሳት። ሳላስበው «እማዬ» አልኩ ጮክ ብዬ። ያ ፎቶ ምን እንደነበረ እንደኔ ታውቂያለሽ። የጥጥ ማበጠሪያው ማሽን የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ከበላ ወዲህ ያቺ ሴት እጇን ለሰው አሳይታ አታውቅም። ቤት በሽርጥ ትሸፍነዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የጓንቷን ሁለት ጣቶች በጥጥ ጠቅጥቃ ነው። ቀለበቷን ወደ ቀኝ እጇ ያዛወረችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ አባባ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ ነበር። በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እዩት እንግዲህ» ያለች ይመስል ቀጥ ብላ የቆመችው።

ጠጋ አልኩ። አምስት ጣት!

ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግኩ። አምስት ጣት ነው እትዬ። ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ የማንም ያልሆነ ጣት። እሱ አነሰና ቀለበት ሳይቀር አጥልቀውላታል።  

ሌይንን ጠራኋት። እናቴ መሆኗን ስነግራት እጆቿን አጨብጭባ «ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! ፎቶ አንሺ ይጠራልኝ!» አለች።

«ጣቷን ምን አደረጋችሁት?» አልኳት።

«እሱን ትንሽ አስተካክለነው ነው። ነዋሪዎቻችን ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ነገር ስለሆነ፣ ደስ የሚል ስሜት እንዲሰጣቸው ብለን።»

«የእናቴ እጅ አያስደስትም?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም፣ ማዳም። ደግሞ እኛ ብቻችንን ያደረግነው አይደለም፤ ፎቶውን የላኩልን የቤተሰብ ሰው ራሳቸው ናቸው ‹እጇን አደራ› ያሉን። ፈቃዱም ተፈርሟል።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።  ያ ፎቶ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ እንደነበረ፣ ማን እጅ እንደቀረም ታውቂያለሽ።

ዞር ስል ያቺ ልጅ ማርከሯን ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። አነሳሁት። የእማማ እጅ ትክክል የእኔ ቁመት ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለበቱን አጠፋሁ። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች እስከ ሥራቸው ድረስ አጠቆርኳቸው፤ ቀስ ብዬ፣ ሌላው ጣት እንዳይነካ ተጠንቅቄ። የማርከሩ ሲጥሲጥታ ይሰማል። ጥበቃው ሮጦ መጣና «እባክዎን ማዳም፣ እሱን ይስጡኝ» አለኝ። ሮዜር ከኋላዬ «ስጪው፣ ጨርሰሻል እኮ» አለኝ። ሰጠሁት። መንገድ ላይ ሮዜር ከዘራውን አዋሰኝ።

ፖሊስ ይመጣል ብዬ ቤቴን አጽድቼ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ ጠበቅሁ። ፖሊስ አልመጣም። ሌይን ደወለች። ትሰድበኛለች ስል ታመሰግነኝ ጀመር! ነዋሪዎቹ ወደዱት አለች። «እውነተኛ ታሪክ ያለው ግድግዳ» ብለው ለጓደኞቻቸው እያሳዩት ነው አለች። ጥቁሩ ሳይነካ መስታወት እናለብሰው፤ እርስዎም መጥተው ሥሩ ላይ ይፈርሙልን፤ በራሪ ወረቀታችን ላይም ፎቶዎን እናወጣዋለን አለችኝ።

እትዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ሲቀጥሉ ሸጧት፤ ጣቷን ስቆርጥ ደግሞ ያንኑ ሊሸጡት ነው። እነዚህ ሰዎች የማይውጡት ነገር የለም።  «አውርዷት» አልኳት። «አንድ ቀን እንኳ ያላስቀመጣችኋትን ሴት አሁን ግድግዳችሁ ላይ አታቁሟት፤ አውርዷት።»

እሷ እንደሆነ ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። ይህን ማዘዝ የሚችሉት ፈቃዱን የፈረሙት ሰው ብቻ ናቸው አለችኝ። እሳቸው በጽሑፍ «ይውረድ» ካሉ በማግሥቱ ይወርዳል፤ ካላሉ ግን የእርስዎ ቃል አይበቃንም ብላ ዘጋችው።

የፈረመውን ሰው ክፉ ነው አልልም። ይኸው ስንት ቀን አሰብኩበት። ልጅ ሆኖ እናቱ ጓንቷን በጥጥ ስትጠቀጥቅ ያየ፣ በትምህርት ቤት «የጎዶሎዋ ልጅ» እየተባለ ያደገ፣ በተለይ ታላቅ ሆኖ ስድቡን ለታናሹ ጭምር የተሸከመ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ እናቴ ሙሉ ሆና ትታይ ብሎ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ግን እማማ ራሷ እጇን የደበቀችው ከሰው እንጂ ከአባባ አልነበረም፤ ፎቶውን የተነሳች ዕለት የቆመችው ለእሱ ነበር። ይህን ያ ሰው አያውቅ ይሆናል፤ አባባ ይህን የነገረኝ ሊሞት ሲል፣ እኔ ብቻ አጠገቡ ሆኜ ነው።

የድርጅቱን አድራሻ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደጻፍኩት አትጠይቂኝ።

ጉልበትሽን ሙቅ አድርጊ፤ ባሕሩ ዳር ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። ሮዜር ሰላም ብሎሻል፤ ጫማው አሁንም ይጠረጋል በያት ብሏል። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያሰብሽውን ሁሉ ያቃናልሽ፤ እኔንም ሳላይሽ አይውሰደኝ። በጋ ላይ ብትመጪ የፊት ለፊቱ ክፍል ያንቺ ነው፤ ስለምንም ነገር አልጠይቅሽም።

ሁሌም የምትወድሽ፣
ታናሽሽ