አጥር ሥር የዘራኸው አንጮቴ

የኔ ሸምሱ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃንም ያድርግልህ።

ከተለየኸን አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ። ሰፈራችን ጊንጆ እንደምታውቃት ናት፤ ጭቃዋ ደርቆ አቧራዋ ተተክቷል፣ ባጃጆቹም በራችን ላይ ጥሩምባ መንፋት አልተዉም። ልጅህ ናዲያ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ ያንተ፣ ምላሷ የኔ ነው ይላሉ፤ ስድብ ይሁን ሙገሳ አልጠየቅኩም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እናትህ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጓሮ አዳልጧቸው ወድቀው ግራ እጃቸው ተሰበረ። ወጌሻው አሰረላቸው፤ አጥንቱስ እየገጠመ ነበር። የከበደን ሌላው ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ የቀነሰው ምግባቸው ከዚያ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። አንድ ሁለቴ ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እንዲያ ሲመነምኑ እያየሁ፣ አንተን ባጣሁበት ዓመት እሳቸውንም እንዳላጣ ፈራሁ።

ከወለጋ ቡና ጭነህ ስትመለስ ይዘኸው የመጣኸው ፍሬ ትዝ ይልሃል? አጥር ሥር ዘርተህ፣ ምንድነው ብንልህ ሲደርስ ታያላችሁ አልከን። እሱ ሳይደርስ አንተ ሄድክ። ዝናቡ ሲመጣ በቅሎ አጥሩን ሁሉ ለበሰው። እናትህ ከመውደቃቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ከሱብሂ በኋላ ቅጠሉን እየዳሰሱ ዱዓ ያደርጉልህ ነበር። ስሙን እንኳ አናውቅም ነበር።

ከነቀምት መጥታ ከጎናችን የተከራየችው ጫልቱ እናትህን ልትጠይቅ ስትገባ አጥሩን አይታ ቆመች። ማሎ፣ ይሄ እኮ አንጮቴ ነው፣ ሥሩን ቀቅላችሁ ብትሰጧቸው አጥንት ለተሰበረ ከሱ የሚበልጥ ምን አለ አለች። እናትህ ግን ልጄ በእጁ የዘራውን ማንም አይነቅልም አሉ። ጫልቱ አንዱ ሥር ለዘር መሬት ውስጥ እንደሚቀር፣ ከዓመት ዓመትም ፍሬ እንደሚሰጥ አስረዳቻቸው። ዝም አሉ። እኔም እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ያዝኩት፤ ላንተ ሲድሩኝስ ዝም አይደል ያልኩት።

አንዱን ሥር ለዘር ትቼ ቆፈርኩት። ጫልቱ ገበያ ሄዳ ነበርና ምኑ ይከብዳል ብዬ እንደ ድንች ልጬ፣ ከትፌ ጣድኩት። ለካ አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ነው የሚላጠው፤ አስቀድመው የላጡት እንደሆነ ይመራል። እናትህ አንዴ ቀምሰው ሳህኑን ገፉት። በቃ ምንም አልቀረልኝም ብዬ ኩሽና ገብቼ ሳለቅስ፣ የነጠላ ጫማቸውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ከወደቁ ወዲህ ኩሽና ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ልጄ የዘራውን እንዲህ ታበላሺብኛለሽ ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ዱካ ላይ ተቀምጠው ጫልቱን አስጠሩ። በደህና እጃቸው እየጠቆሙ የቀረውን ከነልጣጩ አስቀቀሉን፤ ሲበስል ላጥነው፣ ሰባብረን በቅቤና በሚጥሚጣ ለወስነው። እሳቸው አንጮቴ ሲሠራ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፣ ግን ሲያዙን ወለጋ የተወለዱ ነው የሚመስሉት። ናዲያ ፊቷን አጨማዳ ጀምራ ሳህኗን ጠርጋ ተነሳች። እናትህም በሉ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። እናትህ ከሞትክም በኋላ ማታ ማታ ድርሻህን በክዳን ሸፍነው ያስቀምጡ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለህ ይመስል። ይተዉ ለማለት አንጀቴ አልቻለም። የዚያን ቀንም አስቀመጡልህ። ጥቂት ቆይተው ክዳኑን አነሱና፣ ቢስሚላህ ብለው ራሳቸው በሉት። ከዚያ ወዲህ አልሸፈኑም።

አትከፋ ሸምሱ። ድርሻህን በላን እንጂ አልረሳንህም። እኔ እስካለሁ ዱዓዬ አይቋረጥብህም፤ ናዲያንም አባትሽ የዘራው ነው እያልኩ አቀቃቀሉን አስተምራታለሁ። እናትህ ዛሬ ምሳቸውን ጨርሰው ጨመር አድርጊልኝ አሉኝ።

ያንተው ሐሊማ