አርባ አንድ ማሳና አንድ ዝናብ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 10 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬም መጋዘኑ በር ላይ ነኝ። የጠዋቱን እሸት ቡና አስገብቼ ጨርሻለሁ። ከሚዛን እስከ ቴፒ ስልክ በማወቅ የሚስተካከለኝ የለም። እሺ፣ እስከ ቴፒ አልሄድም። ከመናኸሪያው እስከ መጋዘኑ። እሺ፣ መጋዘኑን ከምንጠብቀው ሁለት ዘበኞች አንደኛ ነኝ። ሁለተኛው ስልክ የለውም።

ይቺ ግን እውነት ናት። የማታ ትምህርት በጨረስኩ በወሩ የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሊ/መ አቶ ማርቆስ የካርታውን ስልክ ለእኔ ሰጡኝ። ለሌላ ለማንም አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከገበሬው ጋር ማሳውን ዙሪያውን እዞራለሁ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ መንገዴን ይስላል። ዞሬ ስገጥም የማሳው ካርታ ይሆናል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ቡናው ከየትኛው መሬት እንደተለቀመ ካላየ አይቀበልም አሉ። ካርታ የሌለው ገበሬ ቡናው ከማኅበሩ ጭነት ውጭ ይቀራል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነው።

አርባ አንድ ማሳ ዞሬያለሁ። በእግሬ፣ በጫካ፣ በኮረሪማ ውስጥ። ሁሉም ስልኩ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ላክ ብለው እምቢ አለ። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ደገምኩ። እምቢ። ዛፍ ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከትናንት ወዲያ የመጨረሻዋን ገበሬ የእማማ ወርቄን ማሳ ዞረን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ኃይለኛ ዝናብ። ስልኩ ራሰ። አቶ ማርቆስ ሲሰጡኝ ከካርታው በቀር ምንም እንዳትነካ ብለው አስጠንቅቀውኛል። አልነካሁም። ዝናቡ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ምሳ ሰዓት

የካርታው አፕ የእርዳታ ግሩፕ አለው። ከጅማም ከሲዳማም፣ ማሳ የሚዞር ሁሉ እዚያ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ይመልሳል። የሚመልሱት ደመወዝ የላቸውም፣ በፈቃዳቸው ነው። በራሴ ስልክ ገባሁ።

ጠዋት 2 ሰ. ጻፍኩ። በጣቴ፣ ራሴ። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ለቀማው እንዴት ይዟችኋል፣ እኔ ግርማ ነኝ ከሚዛን። ሰባት መስመር ሆነ። አስተማሪዬ ብታየው ታለቅስ ነበር። ከዚያ መልስ ጠበቅሁ።



የስልኩን ጉዳይ አላነሳሁም። እንዴት ላንሳ? ሰላምታው ሳይመለስለት ጉዳዩን የሚዘረግፍ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። 3 ሰ. ላይ ያልደረሳቸው መስሎኝ ደግሜ ላክሁ። 4 ሰ. ላይም። ተመልሼ ሳይ ሁሉም የለም። የግሩፑ አድሚን ሊያ የምትባል ልጅ ናት። ሰርዛዋለች። የኔን ሰላምታ!

ሰላምታ የሚሰረዝበት አገር አላውቅም። ንዴቴን በድምፅ ነገርኳቸው፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ። እሱንም ሰረዘች። ከዚያ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት እንዳልጽፍ አገደችኝ። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ የለም።

ዘነበች ቡና እየለቀመች ሰማችኝ። ባለቤቴ ናት፣ አታዝንልኝም። ሃያ ዓመት ያቃታትን ነገር ያቺ ልጅ በአንድ ጠዋት ቻለችው፣ አድራሻዋን ስጠኝ ላመስግናት አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 4 ሰ.

አፌ ታስሯል። የታሰረ ሰው ያነባል።

ግሩፑ አናት ላይ ደንብ ተሰቅሏል። ትናንት አላየሁትም። እሺ፣ አይቼዋለሁ፣ ረጅም ስለሆነ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሰላም ብለህ ብቻ አትጠብቅ፣ ጥያቄህን አብረህ ጻፍ። በድምፅ አትላክ፣ የተነገረ ነገር ተፈልጎ አይገኝም፣ ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ሰው የሚጠቀመው ከተጻፈው ነው። ምን ስታደርግ ችግሩ እንደመጣ፣ ምን እንደሆነ በትክክል ግለጽ። የሚረዱህ ሰዎች ያንተን ስልክ አያዩትም፣ የሚያዩት የነገርካቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ ሌሎቹን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት አንዱ ሰላም ብሎ ጠፋ። ሌላው አልሠራ አለኝ ድረሱልኝ ይላል፤ ምኑ እንደሆነ የለም። መጋዘኑ በር ላይ ሰላምታ አብዝቶ ጆንያው ላይ ቁጭ የሚል ሰውዬ አለን። ምን ፈልገህ ነው ብዬ ሦስቴ ካልጠየቅሁት አይናገርም። አናዶኝ ያውቃል። እኔ ለነሱ እሱ ነኝ።

ሊያ ላይ የነበረኝ ቂም ግማሹ ወረደ። ግማሹን ለክፉ ቀን አስቀምጫለሁ።

ከቀኑ 11 ሰ.

እማማ ወርቄ መጡ። ካርታቸው መሄዱን ሊጠይቁ። ማሳቸው ገደሉ ሥር ነው። ጉልበታቸው አይታዘዝም፣ ግን ድንበሩን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ከዋንዛው ዛፍ ወደ ቀረሮው፣ ከቀረሮው ወደ ምንጩ። ቅዳሜ ለት ትከሻዬን ይዘው አብረውኝ ዞሩ። አራት ጊዜ አረፍን። ሲጨርሱ ከእንግዲህ ይህን ቁልቁለት የምወርደው በሰው ሸክም ነው ብለው ሳቁ።

ሄዷል እማማ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱን አሜን ማለት አቃተኝ። ስልኩ ካልላከ እሳቸውን ደግመው ይዙሩ ልላቸው ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከምሳ በኋላ

ጻፍኩ። በደንቡ። ሰላምታውን አልተውኩም፣ ከጉዳዩ ጋር በአንድ ላይ አደረግሁት። ስልኩ ይሄ ነው፣ አርባ አንድ ካርታ አለ፣ አንዱም አልተላከም፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ያመጣል፣ ቅዳሜ ዝናብ መትቶታል፣ ሌላ ምንም አልተነካም።

ወዲያው መለሱ። ሊያ ራሷ፣ ደህና ነን ጋሼ ግርማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ጀመረች። ደብተሬ፣ የቀረችውም የቂም ግማሽ እዚያው ላይ አለቀች።

ሁሉም ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ምን ያህል ራሰ? ስንት ሰዓት? ካሜራው ላይ ጤዛ አለ? መለስኩ፣ አሳምሬ። ብሩክ የሚባል ፈጣን ልጅ ውሃ ከገባበት አፑ ውስጡ ተበላሽቷል፣ አጥፍተህ እንደገና ጫነው አለኝ። እርምጃዎቹን ቆጥሮ ላከልኝ።

መጀመሪያውን ነካሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ጽሑፍ መጣ። እኔ እንግዲህ ገና ፊደል በፊደል ነኝ። ያ ል ተ ላ ከ። መ ረ ጃ። ይ ጠ ፋ ል። ቶሎ የሚያነብ ሰው ሳያነበው ይጫነው ነበር። እኔ እስክጨርሰው ላብ አጠመቀኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

ይህን ለግሩፑ ስነግር ሊያ የብሩክን ምክር ሰረዘችው። ያልተላከ ነገር ያለበትን አፕ ማንም ሰው አጥፋ እንዳይል ብላ ጻፈች። ብሩክ ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋ ልጅ ነው። ግን ስለ ውሃ ነግሬው ነው እንጂ ከየት አመጣው?

ነገ የካርታዎቹን ዝርዝር በፎቶ እንድልክ ታዝዣለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከቀኑ 8 ሰ.

ተላከ። አርባ አንዱም።

እንዲህ ሆነ። ፎቶውን ላክሁ። ሊያ አየችው። አርባው ማሳ በፈረንጆቹ ዓመት ተመዝግቧል። የእማማ ወርቄ ብቻ በ2018። ስልኩ በኛ ዓመት ነው የሚቆጥረው። አፑ ሲልክ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ቀኑን ያመሳክራል፣ ሰባት ዓመት ወደኋላ የቀረ ስልክ ሲያገኝ አጭበርባሪ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል።

ግሩፑ ሳቀ። አንዱ ጋሼ ግርማ ስልካቸውን በባሕረ ሐሳብ ነው የሚያስኬዱት አለ። ሌላው የጾሙን መግቢያ ጠይቁልን። ተሰብስበው ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። እኔ ሳስቅ ነው እንጂ ሲሳቅብኝ አልወድም።

ከዚያ ስድቦቹ ከዓይኔ ፊት አንድ በአንድ ጠፉ። ሊያ ናት። ሰላምታዬን የሰረዘች እጅ። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ «ጠይቆ የመጣ ሰው ላይ የሚስቅ እዚህ አይቆይም። ሁላችንም አንድ ቀን አዲስ ነበርን።»

ቀጥላ ዓመቱን ማን ቀየረው ስትል በትህትና ጠየቀችኝ።

ዝናቡ ይሆናል አልኳት።

ዓመቱን አስተካከልኩ። ላክ አልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሄደ፣ እስከ እማማ ወርቄ። አቶ ማርቆስ ትከሻዬን መቱኝ። ማኅበሩ ውስጥ ዛሬ ከኔ የሚረዝም ሰው የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 7። ጠዋት 3 ሰ.

ስሜ ተሰቅሏል! ግሩፑ አናት ላይ፣ ከደንቡ ስር። ስልክ በዝናብ ከራሰ ዓመቱን ሊያዛባ ይችላል፤ ስልኩን ሳታጠፉ መጀመሪያ ዓመቱን አስተካክሉ፤ ይህን ላሳወቁን ለጋሼ ግርማ ከሚዛን ምስጋና ይድረስ። ለባጃጅ ሹፌሩ አነበብኩለት። ለጎረቤት አነበብኩ። ለዘነበች ሳነብላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና ለቸርች ወጣች።

6 ሰ.

ከማሻ ምሕረት የምትባል ሴት ጻፈች። አዲስ ናት። ስልኳ የቡና ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቆ አውጥታዋለች። ከሃምሳ በላይ ያልተላከ ማሳ አለበት። የተሰቀለውን አንብቤ ሳላጠፋው ዓመቱን እየፈለግሁ ነው፣ ጀርባው ግን እየሞቀ ነው ትላለች።

ደንግጬ ጻፍኩ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ አጥፊው፣ ምንም አትንኪ። አጠፋችው። እግዚአብሔር ይመስገን። ብሩክ ባትሪውን አውጥታ፣ በጥላ አድርቃ፣ ጠጋኝ ዘንድ እንድትወስደው እየነገራት ነው። መትረፉን ነገ ነው የምናውቀው።

ግን ሊያ ጠየቀች። «ጋሼ ግርማ፣ የእርስዎ ሳይጠፋ አይደል እንዴ የዳነው? የተሰቀለው ስህተት አለበት?»

 ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

7 ሰ. ተኩል

ዘነበች ተመልሳለች። ነገርኳት። ምሳውን እያቀረበች፣ ቀና ሳትል፦ «የዚያ ዝናብ ስም ግርማ ነው።»

ስነካካው አይታኛለች ለካ።

ሊያ ይኸው ጥያቄዋ ሥር ሰላምታ ብቻ እንደላከ ሰው ትጠብቃለች። ማሻ ውስጥ የአንዷ እንጀራ በኔ ቅጥፈት ሊበስል ወይ ሊያር ነው። የተሰቀለው ጽሑፍ እስካለ ድረስ ነገ ሌላ ምሕረት ትመጣለች። ሊስቁብኝ ይችላሉ። አቶ ማርቆስ ስልኩን ሊቀበሉኝ ይችላሉ። ይቀበሉኝ። እልካለሁ። እዚህ ረቂቁን ልጻፈው፣ በደንቡ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። የሰቀላችሁት ስህተት ነው፣ አውርዱት። የራሰ ስልክ መጥፋት አለበት።

ያደረግሁት፦ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የስልኩን ዓመት አየሁ። ቀን መጻፍ የተማርኩት በቅርቡ ነው። ስልኩ ሰባት ዓመት ተሳስቷል ብዬ በዚህ ጣቴ አረምኩት። ኮራሁም።

የሆነው፦ አልላክ አለ። አትንካ ተብዬ ስለነበር ምክንያት ፈለግሁ።

ዝናቡን በተመለከተ፦ ደብተሬ፣ ይቺን ላንተም ነው የምጽፋት፣ ሰኞ ዕለት አንተንም ዋሽቼሃለሁ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር። እማማ ወርቄ ሙቀቱ ነው ያደከመኝ ብለው ነው አራት ጊዜ ያረፍነው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።